ባሌን በፈረስ፣ ከፒያሳ ተነስተን

ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፤ አራት ኪሎ አካባቢ። ማታ ወደ ቤት ስመለስ በምኒልክ አደባባይ አልፋለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ከነፈረሳቸው ቆመዋል። አባ ዳኘው። ልጄ ትንሽ ሳለች እጇን ይዤ በዚያ ስናልፍ “እማዬ፣ ፈረሱ የት ሊሄድ ነው?” ትለኝ ነበር። አምና ሐምሌ የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን ስትጨርስ ምን ላድርግልሽ ብዬ ጠየቅኳት። “ፈረስ ላይ አውጪኝ። ግን እውነተኛ መንገድ ይሁን” አለችኝ። ከዚያ በፊት እንጦጦ ፓርክ ወስጃት ፈረስ ላይ ወጥታለች። ዞር ዞር ብላ ወረደች፤ አልጠገበችም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ቢሮ ያለው አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጠቆመችኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ወረድ ብዬ የምነግራችሁ ቅሬታ አለኝ፤ እነሱም ሰምተው አስተካክለዋል። የጉዞው ሁኔታ ግን ሌላ ድርጅት ጋር ለምትሄዱትም ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ግድግዳው ላይ ትልቅ የባሌ ካርታ ተሰቅሏል። የተቀበለችን ልጅ ቡና አዘዘችልንና በእስክሪብቶዋ ጫፍ መንገዱን አሳየችን። ዲንሾ፣ ሶዶታ፣ ኬይረንሳ፣ ራፉ፣ ገርባ ጉራቻ። መጨረሻ ላይ ሳነቴ አምባ ላይ መኪና ይጠብቀናል። ስድስት ቀን፣ አምስት ሌሊት። ለአንድ ሰው 41,000 ብር። መኪናው፣ የፓርኩ መግቢያ፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ድንኳኑ፣ ስሊፒንግ ባጉና ፈረሶቹ በዋጋው ውስጥ ናቸው። ግማሹን በቴሌብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ወዲያው ሰጡኝ።

ልጅቷ ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችን። ከዚህ በፊት ፈረስ ላይ ወጥታችኋል? የሚያማችሁ ነገር አለ? ትጾማላችሁ? ከዚያ ኪሎዬን ጠየቀችኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት “ለፈረሱ” አለችኝ። ያኔ ነው ልቤ የረጋው። ለፈረሱ የሚያስብ ሰው ለእኔም ያስባል ብዬ አሰብኩ። እኔ ግን መጠየቅ የነበረብኝን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ለልብስ መርካቶ ሄድን፤ ሰልባጅ ተራ። ሁለት ወፍራም ጃኬት፣ ሱፍ ካልሲ፣ ጓንት ገዛን። ከቤት ደግሞ እናቴ የሰጠችኝን ጋቢ ይዤ ወጣሁ። ልጄ “ጋቢ ምን ያደርጋል?” ስትለኝ ዝም አልኳት። ከሁለተኛው ሌሊት በኋላ ጋቢውን ከእኔ ላይ የምትወስደው እሷ ሆነች።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ፒያሳ ተገናኘን። አምስት ተጓዦች ነን። እኔና ልጄ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ባንክ የሚሠሩ ጓደኛሞች ናቸው። ፈጣን መንገዱን ቱሉ ዲምቱ ላይ ያዝን። አስጎብኚው ከፊት ወንበር ዞር ብሎ “ከቱሉ ዲምቱ ተነስተን ቱሉ ዲምቱ ነው የምንደርሰው” አለን። የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው። በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። አዳማን፣ አሰላን አለፍን። በቆጂ ቁርስ በላን። የነደራርቱ፣ የነቀነኒሳ፣ የነጥሩነሽ አገር ነው። ከሬስቶራንቱ በር ላይ ሆነን ልጆች በሶምሶማ ሲያልፉ አየን። በዶዶላና በአዳባ በኩል አልፈን ከሰዓት በኋላ ዲንሾ ገባን።

ዲንሾ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ነው። ድንኳናችን የተተከለው ጥድና ኮሶ ዛፍ ሥር ነበር። ውኃ ልቀዳ ብዬ ብወጣ አንድ የደጋ አጋዘን ከፊቴ ቆሟል። ወንድ ነው፤ ቀንዱ የተጠማዘዘ። በአሥር ሳንቲም ላይ ያለው እሱ ነው። ስንት ዓመት ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር ኖሬያለሁ! አየኝ፣ ጆሮውን አንቀሳቀሰ፣ ሣሩን መጋጥ ቀጠለ። ባዶውን ጀሪካን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ጠዋት ፈረሶቹ መጡ። ፈረሶቹ የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ በተራ ነው የሚሠሩት። ዋናው ባለፈረስ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። አማርኛ ይችላሉ፤ ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። አባቴ እላቸው ነበር፤ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ማን የትኛው ላይ እንደሚወጣ ወሰኑ። ለእኔ ጥቁር ፈረስ ሰጡኝ። ጉራቻ ይባላል። በኦሮምኛ ጉራቻ ጥቁር ማለት ነው፤ በአማርኛም ጥቁሩን ፈረስ ጉራቻ እንላለን። ሁለቱ ቋንቋዎች ፈረስ ላይ መገናኘታቸው ደስ አለኝ። ለልጄ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ደረሳት።

ኮርቻው የአገር ኮርቻ ነው፤ እንጨት፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ የታጠፈበት። ቢሮው ውስጥ በፎቶ ያየነው የቆዳ ኮርቻ አልነበረም። ይህን ቀድሞ መንገር ነበረባቸው። በመጀመሪያው ቀን ማታ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው ሻይ የጠጣሁት። የራስ ቁርም አልነበረም። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እነሱ ካላዘጋጁ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ትምህርቱ አሥር ደቂቃ ነበር። እርካቡ ውስጥ የእግርሽን ጫፍ ብቻ አስገቢ። ዳገት ላይ ወደፊት ዘንበል ብለሽ ጋማውን ያዢ። ቁልቁለት ላይ ወደኋላ በይ። ዛቡን አትጎትቺ፤ መንገዱን እሱ ያውቀዋል። የመጨረሻው ለእኔ ከበደኝ። የወብ ሸለቆ ስንደርስ ግን ገባኝ። ሸለቆው ሜዳ ይመስላል፤ ለግልቢያ የተሠራ። ሥሩ ግን ክፍት ነው። ግዙፉ ፍልፈል ውስጡን ቆፍሮ ጨርሶታል። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ባሌ ብቻ ነው ያለው። ጉራቻ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ። እኔ ምንም አላየሁም። በእግሬ ጎኑን ነካ አደረግኩት፤ አልሄደም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ አሸተተ፣ የፊት ኮቴውን አነሳ፣ መሬቱን ሞከረ። መሬቱ ጎድጎድ አለ። ከዚያ በግራ በኩል ዞሮ አለፈ። ስዞር የረገጠው ቦታ ጭንቅላት የሚያህል ቀዳዳ ሆኗል። ባለፈረሱ አባባ ከኋላዬ “አየሽው?” አሉኝ። አንገቱን ደባበስኩት። ከዚያ በኋላ ዛቡን ጎትቼው አላውቅም።

እነዚያ ጉድጓዶች ዙሪያ ቁጭ የምትል ትንሽ ወፍ አለች። ፍልፈሉ አፈር ሲያወጣ ትላትሉን ትለቅማለች። አስጎብኚው ወፏን አይታችሁ ጉድጓዱን ማወቅ ትችላላችሁ አለን። ልጄ ከዚያ በኋላ ወፍ ስትፈልግ ነው የዋለችው።

ቀይ ቀበሮ ያየነው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። ሣሩ ውስጥ ተኝቶ ቀይ ጨርቅ የወደቀ መስሎኝ ነበር። ሆዱ መሬት ነክቷል፤ አፍንጫው ወደ ጉድጓዱ። ፈረሶቻችን ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ላይ ቆመዋል፤ አልደነገጠም። በእግር ብንሄድ ኖሮ ይሸሽ ነበር አለ አስጎብኚው፤ የፈረስና የከብት መንጋ መካከል ሆኖ ማደን የለመደ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ዐዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ አብዛኞቹ እዚሁ ባሌ ናቸው። ከትልልቅ ጠላቶቻቸው አንዱ ከመንደር ውሻ የሚይዛቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

አባባ ግን ሌላ ነገር ነገሩኝ። በእነሱ ቋንቋ ስሙ ጀዴላ ፈርዳ ነው። የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ባዝራ መውለጃዋ ሲደርስ ከኋላዋ ይከተላታል፤ የእንግዴ ልጁን ሊበላ። ጥሏት እንደማይሄድ ስለሚያውቁ “ቀበሮውን ካየሽ ባዝራዋ ለመውለድ ቀርባለች ማለት ነው” አሉኝ። ይህን የሰማሁት ቀበሮው ከፊቴ ተኝቶ፣ ጉራቻ ከሥሬ ሲተነፍስ ነው። ለዚህ ብቻ 41,000 ብሩን ደግሜ እከፍላለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

መጀመሪያ ስድስት ተጓዦች ነበርን። አንዱ በመጨረሻው ሳምንት ቀረ። ቢሮው አራት ያሰበውን የጭነት ፈረስ ወደ ሦስት አወረደ። ሰው ቢቀንስም ግን ድስቱ ያው ነው፤ ቡታጋዙ ያው ነው፤ የማብሰያው ድንኳንም ያው ነው። የአንዱ ፈረስ ጭነት ለሦስቱ ተከፋፈለ። እኛ ይህን አናውቅም። ጠዋት ጠዋት ፈረሶቹ ተጭነው ይወጣሉ፤ እኛ ሻይ እየጠጣን እናያለን።

ከሶዶታ ወደ ኬይረንሳ በምንሄድበት ቀን ለምሳ ቆምን። አባባ ዳማውን የጭነት ፈረስ አራገፉት። የሆድ ጠፍሩን ፈቱ፤ ኮርቻውን አነሱ። ከሥር ያለውን ብርድ ልብስ ግን አላነሱትም። ዳሩን ይዘው ቀስ፣ ቀስ እያሉ ገለጡት። የተጣበቀ ነበር። ከትከሻው አጥንት ኋላ መዳፍ የሚያህል ቦታ ፀጉሩ ተልጧል። መሐሉ ቀልቷል፤ ያዣል። ዳማው ቆዳውን አንቀጠቀጠ፤ ከቦታው ግን አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ የቆሰለ ፈረስ ገጣባ ይባላል። ቃሉን ከአያቴ ሰምቼው ነበር፤ ምን እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አባባ ውኃ አሞቁ፣ ጨው ጨመሩበት፣ በንጹሕ ጨርቅ አጠቡት። ማንም አልተናገረም። ሲጨርሱ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። “ትናንት ማታ አይቼው ነበር” አሉኝ። “ደረቅ ነበር። ዛሬ ጠዋት እምቢ ማለት ነበረብኝ።”

“ለምን አላሉም አባቴ?”

“እምቢ ካልኩ ተራዬ ያልፋል፣ ልጄ።”

ፒያሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ከአራት ወደ ሦስት መቀነስ ቀላል ነው፤ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ዲንሾ ሲደርስ ግን ልጆቹን በተራው የሚያሳድር ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። እሱ መቀበል አለበት። የተቀበለውን ደግሞ ፈረሱ ይሸከመዋል። እኔ በደስታ ፎቶ ሳነሳ ዳማው ከኋላዬ በዚያ ጀርባ ሁለት ቀን ተጉዟል። ተናደድኩ፤ አዘንኩም።

የዳማው ጭነት ጉራቻ ላይ ተጫነ። እኔ በእግሬ ሄድኩ። የባንክ ልጆቹ “እኛም እንራመዳለን” ብለው ተነሱ፤ በየተራው ወረድን። በዚያ ከፍታ መራመድ አዲስ አበባ እንደመራመድ አይደለም። ሃያ እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ። ዳማው ባዶውን ከጎኔ ይሄዳል። እኔ ስቆም እሱም እየቆመ ነበር።

ምግቡን በሁለት ቃል፦ በጣም ጥሩ። አብሳዩ ረቡዕና ዓርብ የጾም ሠራልኝ፤ ቢሮ የተናገርኩትን አልረሱም። ዓርብ ማታ ሽሮና አልጫ ሠራ። አባባና ሌሎቹ ባለፈረሶች እስላም ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ለየብቻ ነበር የምንበላው። የዚያን ቀን ሥጋ ስለሌለ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበብን። እሳቸው ደግሞ ከቦርሳቸው ጩኮ አወጡ፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። ቅቤ ስላለው ለእኔ ለቅዳሜ አስቀመጡልኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ብርዱ ጣቴን ሲቆርጠው፣ ያቺን ጩኮ በልቼ ነው ፈረስ ላይ የወጣሁት።

ብርዱን በደንብ ልንገራችሁ። ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ተጋግሮ እናገኘዋለን። የውኃ ጠርሙሳችን ውስጡ በረዶ ሠርቷል። የሰጡን ስሊፒንግ ባግ ስስ ነው፤ ለዚያ አገር አይሆንም። የአንዱ ዚፕም ተበላሽቷል። ቢሮው ማታ ማታ እሳት አንድደን እንደምንሞቅ ነግሮን ነበር። አስጎብኚው ግን አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው ብሎ እምቢ አለ። ልክ ነበር። ያን ለምለም አስታ አይቶ ማንደድ የሚያምረው ሰው ሊኖር አይገባም። ቢሮው ግን የማይሆን ነገር ባይነግረን ጥሩ ነበር።

የመጨረሻው ሌሊት ገርባ ጉራቻ ነበር። ጥቁሩ ሐይቅ። ገደል ከላዩ ቆሟል፤ ውኃው እንደ ቀለም ነው። በማግስቱ ሳነቴ ላይ ወጣን። 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ አምባ። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች እንደ ሰው ቆመዋል፣ ሰማዩ ቅርብ ነው። ልጄ ቦራ ላይ ሆና ከፊቴ ስትሄድ ጀርባዋን አይ ነበር። ቀጥ ብላ ነው የምትቀመጠው። የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዜናውን ሰምቼ ነበር። “ጎሽ” ብዬ ነበር ያለፍኩት።

መኪናው መንገዱ ላይ ይጠብቀን ነበር። ጉራቻን ስሰናበተው አለቀስኩ። አባባ አይተው ዞር አሉልኝ። ጉርሻቸውን በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ እናንተም በእጃቸው ስጡ።

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ቢሮው ሄድኩ። የዳማውን ጀርባ ፎቶ ይዤ ነበር። ኃላፊው አየው። መጀመሪያ የፈረስ ነገር እዚያ ያለው ማህበር ጉዳይ ነው አለኝ። ቁጥሩን የቀነሰው ማነው አልኩት። ዝም አለ። ወረቀቱን አስመጣ፤ አየ፤ ይቅርታ ጠየቀኝ። የአንዱን ፈረስ የአምስት ቀን ኪራይ ሊመልስልኝ ፈለገ። ገንዘቡ የእኔ አይደለም፤ ለባለፈረሱ ላኩት አልኩ። ላኩት። በኋላ አስጎብኚው ደውሎ አባባ እንደተቀበሉ ነገረኝ።

ታዲያ ሂዱ ወይ? ሂዱ። አስጎብኚው ዐዋቂ ነው፤ አብሳዩ ጎበዝ ነው፤ ባለፈረሶቹን ግን የምገልጽበት ቃል የለኝም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ሂዱ። ጋቢ ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ቀን ደረጃ ውጡ፤ ጉልበትና ጭን ይፈልጋል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የጭነት ፈረሱ ስንት ነው፣ እያንዳንዱ ስንት ኪሎ ይሸከማል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ዲንሾ ስትደርሱ ቁጠሩ። ጠዋት ከመጫናቸው በፊት፣ ባለፈረሱን አስፈቅዳችሁ፣ ጀርባቸውን እዩ። ቁስል ካለ አንጫንም ማለት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ባለፈረሱ ማለት አይችልም።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ሳልፍ ወደ ቢሮው ወጣሁ። አዲሱን የምዝገባ ቅጽ አሳዩኝ። ከተጓዥ ብዛት ሥር “የጭነት ፈረስ ብዛት” የሚል መስመር ገብቷል። ልጅቷ ደግሞ አስጎብኚው በቴሌግራም የላከላትን ፎቶ ከፈተችልኝ። ዳማው ዲንሾ ሜዳ ላይ ሣር ይግጣል፤ ኮርቻ የለበትም። ጀርባው ድኗል። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ላይ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ በቅሏል።